«ዘጠኝ ሺህ ዶላር ይበዛል ወይ ቲቸር?»

ሰሞኑን ከዚህ ሰፈር የጠፋሁት አሞኝ አይደለም፤ አንድ የዋጋ ድርድር ውስጥ ገብቼ ነው። ባለጉዳዮቹን አስፈቅጄ ነው የምጽፈው። ስማቸውን አልጠራም፤ እናንተም ኮመንት ላይ እነ እገሌ ናቸው እያላችሁ እንዳትገምቱ አደራ።

አንዲት የድሮ ተማሪዬ እዚህ ቨርጂኒያ ነርስ ናት። የሒሳብ ክፍሌ ውስጥ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ ከፊተኞቹ ቀድማ የምትጨርስ ልጅ ነበረች። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። ባለፈው ወር ደወለችና «ቲቸር፣ ታይምሼር ሊሸጡልኝ ነው፤ ዘጠኝ ሺህ ዶላር ይበዛል ወይ?» አለችኝ። ሻጮቹ በቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው አዛውንት ባልና ሚስት ናቸው። ሪዞርቱ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ከካምፓኒው በ23,000 ዶላር ገዝተውት ብድሩን ከፍለው ጨርሰዋል። አሁን ጉልበታቸው ስለደከመ መመላለሱን አልቻሉም። «ላንቺ ስለሆነ ነው በዘጠኝ የምንሰጥሽ» ብለዋታል።

«ላንቺ ስለሆነ ነው» የምትለዋን ቃል የማያውቃት የለም። መርካቶ ውስጥ ስትሰሟት ግማሹን ጥሩ ማለት ነው።

«ታዲያ ስንት ብለሽ ጠራሽ?» አልኳት።

«ኧረ ቲቸር! ትልልቅ ሰዎችን እንዴት ብዬ ነው የምከራከረው? ነውር አይደለም እንዴ?»

ይህቺ ልጅ እኮ አዲስ አበባ ስትሄድ ለአንድ ነጠላ ሽሮ ሜዳን ሦስቴ የምትዞር ናት። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ብላ፣ ትታ ሄዳ፣ «ነይ በቃ ውሰጂ» እስኪሏት የምትጠብቅ ናት። ዘጠኝ ሺህ ዶላር ላይ ስትደርስ ምላሷ ተሳሰረ። በሷ አልፈርድም። እኔም አገሩን ሳላውቀው ያለ ጥያቄ የፈረምኳቸው ወረቀቶች አሉ።

አገር ቤት ላላችሁ ነገሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ታይምሼር ማለት አንድ ሪዞርት ውስጥ በዓመት ለተወሰነ ጊዜ የማረፍ መብት መግዛት ነው። ድሮ በሳምንት ነበር የሚሸጠው፤ አሁን አብዛኛው በነጥብ ነው። ለእረፍት የሄደውን ሰው «ቁርስ እናበላችኋለን፣ የመዝናኛ ፓርክ ቲኬት እንሰጣችኋለን፣ 90 ደቂቃ ብቻ ስጡን» ብለው ይጠሩታል። 90 ደቂቃው ግማሽ ቀን ይሆንና ሰውየው ፈርሞ ይወጣል። ከመግዣው ዋጋ ሌላ ሜንተናንስ ፊ የሚሉት የዓመት ክፍያ አለ። ሄዳችሁም አልሄዳችሁም ይከፈላል፤ በየጊዜውም ይጨምራል። ብዙዎቹ ውሎች ደግሞ ማብቂያ ቀን የላቸውም። ከዕድር እንኳን ሰው በቃኝ ብሎ ይወጣል።

ወደ ድርድሩ ልመለስ። የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ከሁለተኛ እጅ ታይምሼር ስትገዙ ሻጩ ድሮ ስንት እንደከፈለ እርሱት። ያ ገንዘብ ለሽያጭ ሠራተኛው ኮሚሽን፣ ለቁርሱና ለቲኬቱ ሄዷል። ክርክሩ መጀመር ያለበት ከዓመቱ ክፍያ ነው።

«ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ» አልኳት፣ እንደ ድሮው። የዘንድሮው ክፍያ 1,420 ዶላር ነው። በገዙበት ዓመት 960 ነበር፤ ስለዚህ በዓመት 5 በመቶ ገደማ እያደገ መጥቷል። ቀጥዬ ኢንተርኔት ላይ እዚያው ሪዞርት፣ ያንኑ የሚያህል ክፍል ባለቤቶቹ ለሌላ ሰው በስንት እንደሚያከራዩት ፈልጊ አልኳት። በተራ ጊዜ ሳምንቱ 1,250 ዶላር አካባቢ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ 1,900 ይደርሳል።

አሁን አስቡት። በተራ ጊዜ የሚሄድ ሰው፣ ውሉን በነጻ ቢሰጡት እንኳን በየዓመቱ 170 ዶላር እየከሰረ ነው። ማለትም ዜሮም ይበዛል! ተማሪዬ ልጆቿን ይዛ የምትሄደው ትምህርት ሲዘጋ ስለሆነ በዓመት 480 ዶላር ትተርፋለች፤ ግን ሳታቋርጥ በየዓመቱ ከሄደች ነው። ከሦስት ዓመት አንዱን ከቀረች የሁለቱ ዓመት ኪራይ 3,800፣ የሦስቱ ዓመት ክፍያ 4,260፤ ትርፉ ጠፋ። ያልተጠቀሙበትን ነጥብ ወደሚቀጥለው ዓመት ማሻገር ይቻላል፤ ግን የጊዜ ገደብ አለው፤ እነዚያ አዛውንቶች አብዛኛውን ያቃጠሉት በዚሁ ነው።

«ያለማቋረጥ አምስት ዓመት እሄዳለሁ ብለሽ ቃል ትገቢያለሽ?» ስላት ትንሽ አሰበችና «አምስት እገባለሁ፤ ትልቁ ልጅ ከዚያ በኋላ ከኔ ጋር መሄድ አይፈልግም» አለች። ጎበዝ! አምስት ጊዜ 480 ማለት 2,400 ነው። ሰነዱን ለማዛወር ለታይትል ካምፓኒው፣ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤትና ለሪዞርቱ ካምፓኒ በጠቅላላው 800 ገደማ ይወጣል። ቀሪው 1,600 ነው። ነገ እሷም መሸጥ ሊያቅታት ይችላልና ለዚያ ትንሽ ቀንሰን ጣሪያውን 1,500 አደረግነው። መነሻችን 500።

ከዘጠኝ ሺህ ወደ አምስት መቶ! ስልኩ ላይ ዝም አለች። «ቲቸር፣ ይሄንን እኔ አልናገረውም፤ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር አጣራሁ፤ ይሄንን ልብ በሉት። ፍሎሪዳ ውስጥ የባለቤትነት ሰነድ ሲዛወር የቴምብር ቀረጥ ይከፈላል፤ መጠኑ በየ100 ዶላሩ 70 ሳንቲም ነው። ሰነዱ ካውንቲው ጋ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ ዋናዎቹ የኦርላንዶ ሪዞርቶች ያሉበት የኦሬንጅ ካውንቲ መዝገብ ደግሞ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው። ስለዚህ ዋጋው ባይጻፍም ከቀረጡ ታወጡታላችሁ። ቀረጡ 63 ዶላር ከሆነ ዕቃው 9,000 አካባቢ ተሽጧል። 70 ሳንቲም ብቻ ከሆነ 100 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ነው። አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ የዚያን ሪዞርት ሰነዶች አገላበጥኩ። 70 ሳንቲም፣ 70 ሳንቲም፣ 70 ሳንቲም። (ከመሀሉ ለዘመድ በስጦታ የተላለፈም ስለሚኖር ሁሉም ሽያጭ ነው አልልም።) አልፎ አልፎ 7 ዶላር፣ ማለትም አንድ ሺህ። 63 አንድም አላየሁ። ያለቀ ጨረታ ዋጋ ኢቤይ ላይም ይታያል፤ በ1 ዶላር የሚሄድ ታይምሼር እዚያ ብርቅ አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት ከተማሪዬ ጋር ሄድን። እሷ ዳቦ ይዛለች፣ እኔ የታተመ ወረቀት። እትዬ ቡና አፈሉ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ አገር ተጨዋወትን። ሁለተኛው ስኒ ላይ ጋሼ ራሳቸው አነሱት፤ «መምህር፣ ስለዚያ ነገር ነው አይደል የመጣኸው?» አሉኝ።

እኔም ወረቀቴን ዘረጋሁ። እውነቱን ልናገር፤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ነው የመሰለኝ። ክፍያው ይሄ ነው፣ ኪራዩ ይሄ ነው፣ ቀረጡ ይሄ ነው፤ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ስሌቴ ልክ ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው 70 ሳንቲም የሚለውን መስመር በጣታቸው ተከተሉት። ሲጨርሱ ወረቀቱን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ታዲያ እኔ ምንድነው የገዛሁት?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሃያ ምናምን ዓመት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆመው የሠሩ ሰው ናቸው። ያንን ውል የፈረሙት «ለልጅ ልጆችዎ የሚያወርሱት ንብረት ነው» ተብለው ነው። ልጆቻቸው ደግሞ በኋላ እንደሰማሁት አንፈልገውም ብለዋል። (ወራሽ አልቀበልም ማለት እንደሚችል ለማታውቁ እግረ መንገዴን ልንገራችሁ።) እኔ ይሄን ሁሉ ጎረቤት ልጅ ፊት ነው የዘረገፍኩባቸው። አስቀድሜ ለብቻቸው ልነግራቸው ይገባ ነበር። ጥፋቴን እዚህም እጽፈዋለሁ፤ ለሳቸውም በማግስቱ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ።

በመናገሬ ግን አልጸጸትም። ለካ ተማሪዬ ሦስተኛዋ ገዢ ነበረች። ከሷ በፊት ሁለት የኛ ሰዎች ዋጋውን ጠይቀው፣ ውድ መሆኑን ልባቸው እያወቀ፣ «እናስብበት» ብለው በትህትና ጠፍተዋል። አንደኛው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እስቲ አስሉት፤ 1,420 ለ12 ሲካፈል በወር 118 ዶላር ነው። እኛ ላለማስቀየም ዝም ባልን ቁጥር እነዚህ አዛውንቶች በወር 118 ዶላር እየከፈሉ ዘጠኝ ሺህ የሚሰጥ ሰው ይጠብቃሉ። ሰውየው አይመጣም። ዝቅ ያለ ዋጋ በአክብሮት፣ ከነምክንያቱ መጥራት ስድብ አይደለም፤ ለኔ ስድቡ ያ «እናስብበት» የሚሉት ነገር ነው።

ዝምታው ሌላ በርም ይከፍታል። እትዬ ወደ ጓዳ ሲገቡ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። አንድ ሰው ስልክ ደውሎ «28,000 የሚከፍል ገዢ አለን፤ መጀመሪያ ለቀረጥና ለማስፈጸሚያ 2,400 ላኩ» ብሏቸው ኖሯል። ባንክ ሄደው ያስቆመቻቸው ገንዘብ ቤቷ ልጅ ናት። እባካችሁ ታይምሼር ያላችሁ ሁሉ ይሄን ስሙ፦ ሳይሸጥላችሁ ቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ደላላ አጭበርባሪ ነው ብላችሁ ስልኩን ዝጉት። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ግምጃ ቤት ፑዌርቶ ቫያርታ አካባቢ በዚሁ ማጭበርበር የተሰማሩ ከሜክሲኮ የአደንዛዥ ዕፅ ቡድን ጋር የተያያዙ ሰዎችና ድርጅቶች ላይ ማዕቀብ ጥሏል። የሚደውልላችሁ ልጅ ድምፁ የለሰለሰ ስለሆነ ከጀርባው ማን እንዳለ አታውቁም።

አንዳንዶቻችሁ የምትቆጡበትን ነገር ደግሞ ልናዘዝ። የመጣሁት ለገዢዋ ነው፤ ግን ለጋሼ ሌላም መንገድ እንዳላቸው ነገርኳቸው። ትልልቆቹ ካምፓኒዎች ብድሩ ካለቀና የዓመቱ ክፍያ ካልተጓደለ ውሉን መልሰው የሚቀበሉበት አሠራር አላቸው። ብር አይሰጡም፤ ስምን ከመዝገቡ ያወጣሉ፣ ያ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ጥያቄም አይቀበሉም። አንድ ወዳጄ ሲሰማ «አንተ የማን ጠበቃ ነህ? የድርድር ጉልበቷን እኮ ሰጠህባት» ብሎ ሳቀብኝ። በኔ ስሌት አልሰጠሁባትም። ሻጩ ሌላው አማራጩ ዜሮ መሆኑን በራሱ ካላረጋገጠ ከዘጠኝ ሺህ አይወርድም። አማራጩን ሲያውቅ 500 ዶላር ከዜሮ በላይ እንደሆነ ይታየዋል። ደግሞ በየእሁዱ ቅዳሴ ላይ ከሚያገኙት ሰው ጋር ተደብቆ መደራደር ምን ይባላል?

አምስት ቀን ዝም አሉ። ተማሪዬ በየቀኑ «ተቀየሙኝ መሰለኝ» እያለች ትጽፍልኛለች። በስድስተኛው ቀን እትዬ ደወሉላት፤ ሦስት ሺህ አሉ። እሷ 500 አለች፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ እንደነበር ነግራኛለች። እዚህ ላይ ነው የዋጋው ቁጥር ብቻውን ምንም እንደማይናገር ያየነው። «ስንት?» ከማለት በፊት «የዘንድሮውን ክፍያ ማን ይከፍላል? የዘንድሮው ነጥብ አለ ወይስ ተበልቷል? የማዛወሪያውን ወጪ ማን ይሸፍናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ነጥቡ ተበልቶ ክፍያው በናንተ ከሆነ በ500 የገዛችሁት ዕቃ ወዲያው 1,920 ሆነ። የነሱ ተቃራኒ ነበር። የጃንዋሪውን ክፍያ ከፍለዋል፤ ነጥቡ አልተነካም። ያ ማለት 1,420 የተከፈለበት አንድ ሙሉ ዓመት አብሮ ይመጣል። ይሄን ስነግራት ወዲያው ገባት፤ መጨረሻ ወንበር የተቀመጠችው ልጅ እኮ ናት። ወደ 800 ከፍ አለች፣ የማዛወሪያውን ወጪም በሙሉ እሷ ልትችል፣ ነጥቡ ከነሙሉነቱ እንዲተላለፍ። እትዬ ስልኩን ለጋሼ ሰጡ። ጋሼ «ይሁን» አሉ።

አሁን ይሄን አንብባችሁ ታይምሼር ሁሉ ዜሮ ነው እንዳትሉኝ። ዲዝኒን ውሰዱ። የዲዝኒ ቬኬሽን ክለብ ውል ከሁለተኛ እጅም በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል፤ ምክንያቱም የነጥቡ ኪራይ ከነጥቡ የዓመት ክፍያ በደንብ ይበልጣል። ግን እዚያ ስሌቱ ሌላ ነው። ውሉ ማብቂያ ቀን አለው፤ የአንዳንዶቹ ሪዞርቶች እ.ኤ.አ. በ2042 ያበቃል፤ ስለዚህ ዋጋውን ለቀሪው ዓመት አካፍሉት። ሻጭና ገዢ ከተስማሙ በኋላ ደግሞ ካምፓኒው በ30 ቀን ውስጥ በዚያው ዋጋ ራሱ የመግዛት ቅድሚያ አለው። እዚያ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ብትስማሙ ሻጩ ደስ ብሎት፣ ዕቃው ግን ከእጃችሁ ሊወጣ ይችላል። ከሁለተኛ እጅ ገዢ የሚቀነስ መብትም አለ፦ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 19፣ 2019 በኋላ ከሌላ ሰው የተገዛ የቀድሞዎቹ 14 ሪዞርቶች ነጥብ ሪቪዬራ በሚባለው ሪዞርት አይሠራም። ሌሎቹ ካምፓኒዎችም በየራሳቸው መንገድ ይቀንሳሉ። ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት ለካምፓኒው ደውላችሁ «ሁለተኛው ባለቤት ምን ያጣል?» በሉ።

ነገ ኦርላንዶ ወይም ቬጋስ ቁርስ ተጋብዛችሁ ለምትፈርሙትም አንድ ቃል። ፍሎሪዳ ውስጥ ከካምፓኒ የገዛ ሰው በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መሰረዝ ይችላል፤ ኔቫዳ 5 ቀን፣ እዚህ ቨርጂኒያ 7 ቀን ነው። በስልክ አይሆንም፤ ደብዳቤ ጽፋችሁ በአደራ ፖስታ ላኩ፣ ደረሰኙንም አስቀምጡ። ጋሼ ይሄን የሰሙት ከኔ ነው፣ ከስምንት ዓመት በኋላ።

የኛ ጉዳይ አሁን ታይትል ካምፓኒው እጅ ነው። 800 ዶላሩ እነሱ ጋ ተቀምጧል፤ ሰነዱ ሳይመዘገብ ለማንም አይሄድም። ተማሪዬ መጀመሪያ «ለጋሼማ በእጄ ልስጣቸው» ብላ ነበር፤ አይሆንም አልኳት፤ ይሄ ለሳቸውም መጠበቂያ ነው። ዕዳ እንደሌለበትና ስንት ነጥብ እንዳለው የሚገልጸው የካምፓኒው ደብዳቤም ትናንት መጣ፤ ቁጥሩ እትዬ ካሉት ጋር አንድ ነው።

ማታ ጋሼ ደወሉልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ኖተሪ ፊት ቀርበው ይፈርማሉ። ሰነዱ አራት ገጽ ነው። «መምህር፣ ከኔ ጋር ትመጣለህ? ያን ጊዜ ሳላነበው ነው የፈረምኩት። ይሄኛውን ከመፈረሜ በፊት በአማርኛ እያደረግክ ታነብልኛለህ» አሉኝ። በአራት ሰዓት ተቀጣጥረናል።